በሽታዋን ላልደበቀች ሴት መድኃኒቱ የት አለ?

የጤና መድን ለሌላቸው ሴቶች በሚሰጠው የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምልከታ

መግቢያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂል የማይነሣበት የጤና ትምህርት መድረክ ጥቂት ነው። በተለይም በየዓመቱ የጡት ካንሰር የግንዛቤ ወር ሲከበር በየጤና ተቋሙ ቅጥር ግቢና በየአዳራሹ ደጋግመን እንጠቅሰዋለን። ብሂሉ ጥበብ አለው። ነገር ግን ኃላፊነቱን በሙሉ በሕመምተኛው ትከሻ ላይ ይጥላል፤ የደበቀ ተጠያቂ ነው ይላል። ሳትደብቅ የቀረበች፣ ጡቷን ያስመረመረች፣ ውጤቷንም በጆሮዋ የሰማች፣ ሆኖም የምትከፍለው ገንዘብም ሆነ የሚከፍልላት የጤና መድን የሌላት ሴት መድኃኒቷን ከማን ትቀበላለች? ለዚህ ጥያቄ ብሂሉ መልስ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው። ለዚህም በቅድሚያ በዓለም ላይ የጤና መድን ለሌላቸው ሴቶች ተብለው ከተቋቋሙት የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ መርሐ ግብሮች መካከል ሰፊ የሆነውን የአሜሪካንን መርሐ ግብር እንመረምራለን። ይህ መርሐ ግብር የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። በአንድ በኩል በዚያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ መርሐ ግብሩ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የታየበት ጉድለት ዛሬ በአገራችን በዘመቻ መልክ ከሚሰጠው «ነፃ ምርመራ» ጉድለት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1990ው ሕግና ያልሞላው ግማሽ

የአሜሪካ ኮንግረስ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ሞትን ለመከላከል ያወጣው ሕግ በኦገስት 10 ቀን 1990 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ተፈረመ። በሕጉ መሠረት በ1991 በአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ሥር ብሔራዊ መርሐ ግብር ተቋቋመ። መርሐ ግብሩ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ያልበለጠና የጤና መድን የሌላቸው፣ ወይም መድናቸው ይህን ምርመራ የማይሸፍንላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ እንዲመረመሩ ያደርጋል። የጡት ምርመራው በዋናነት ከ40 እስከ 64 ዓመት ላሉት ነው፤ 65 ዓመት የሞላቸው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን ይቀበላቸዋል። ሕጉ ከገንዘቡ ቢያንስ 60 በመቶው በቀጥታ ለሕክምና ባለሙያ አገልግሎት እንዲውል ማዘዙም ገንዘቡ በስብሰባና በወረቀት ሥራ እንዳያልቅ የሚጠብቅ መልካም ድንጋጌ ነው። እስካሁን ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴቶች በዚህ መርሐ ግብር ተገልግለዋል። ይህን በጎ ሥራ ሳይመሰክሩ ወደ ሂስ መግባት ፍትሐዊ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የ1990ው ሕግ ለምርመራ እንጂ ለሕክምና ገንዘብ አልፈቀደም። ከማሞግራፊ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር ለተገኘባት ሴት የማረጋገጫ ምርመራ ይደረግላታል፤ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን የፌዴራሉ ገንዘብ እዚያ ላይ ያበቃል። ሕጉ ከዚያ በኋላ ያስቀመጠው ግዴታ ሴትዮዋ ወደ ሕክምና እንድትላክ ማድረግ ብቻ ነበር። በመሆኑም የየግዛቱ ሠራተኞች በነፃ የሚያክም ቀዶ ሐኪም ሲለምኑ፣ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ሲያስሱ፣ ለአንዲት ሴት የጨረር ሕክምና ገንዘብ ሲያሰባስቡ ኖረዋል። በ1998 የተደረገው ማሻሻያ ሕመምተኞችን ተከታትሎ የሚያገናኝ አገልግሎት ቢጨምርም፣ የሚያገናኘው ሰው ሊያገናኝበት የሚችል የተረጋገጠ የሕክምና ምንጭ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ከሙያ ሥነ ምግባር አንጻር ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ቅድመ ምርመራ ወይም ልየታ ከሌላው የሕክምና ሥራችን የሚለየው ሕመም ተሰምቷት ወደ እኛ ያልመጣችን ሴት እኛ ሄደን የምንጠራበት በመሆኑ ነው። ጠሪዎች እኛ ከሆንን ደግሞ ኃላፊነቱ ከተራ ሕክምና ይበልጣል። ይህ ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። ዊልሰንና ዩንግነር ለዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ባዘጋጁት የልየታ መመዘኛ ውስጥ በሽታው ለተገኘባቸው ሰዎች ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖርና የምርመራና የሕክምና ተቋማት መሟላት በግልጽ ሰፍረዋል። የ1990ው ሕግ ሲረቀቅ መመዘኛው ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ስለሆነም ክፍተቱ የተፈጠረው ዕውቀት ጠፍቶ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ የተወሰነ በመሆኑና ሕክምናው ግን ውድና መጨረሻው የማይታወቅ በመሆኑ የተመረጠ ስምምነት ነበር።

የ2000ው ማሻሻያና የቀሩት በሮች

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 24 ቀን 2000፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያና ሕክምና ሕግን ፈረሙ። ሕጉ በመርሐ ግብሩ ተመርምረው ካንሰር የተገኘባቸውና መድን የሌላቸው፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት መድን እንዲታከሙ ለግዛቶች ፈቀደ፤ ፈቃዱን ለሚቀበሉ ግዛቶችም የፌዴራሉ መንግሥት የሚሸፍነውን ድርሻ ከፍ አደረገ። ጊዜ እንዳይባክን ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ በጊዜያዊነት መሸፈን እንዲቻልም ደነገገ። በጊዜ ሂደት 50ዎቹም ግዛቶችና ዋና ከተማይቱ ተቀበሉት። ምርመራና ሕክምና በአንድ ክር የተሳሰሩት ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ሦስት በሮች አሁንም እንደጠበቡ ናቸው።

የመጀመሪያው የበጀት በር ነው። ሜዲኬይድ መስፈርቱን ላሟላ ሰው ሁሉ የሚከፈል መብት ነው፤ የምርመራ መርሐ ግብሩ ግን በየዓመቱ በሚመደብለት ገንዘብ የታጠረ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ምርመራውም ያበቃል። በመሆኑም መስፈርቱን ከሚያሟሉት ሴቶች መካከል የሚደርሳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው የመግቢያ በር ነው። የሕክምና ሽፋኑ የተሳሰረው ከበሽታው ጋር ብቻ ሳይሆን በሽታው ከተገኘበት ቦታ ጋርም ነው። አንዳንድ ግዛቶች በማንኛውም ሐኪም የተመረመረችን ሴት ሲቀበሉ፣ ሌሎች ግን በመርሐ ግብሩ ገንዘብ ወይም በመርሐ ግብሩ ተቋም የተመረመረችውን ብቻ ይቀበላሉ። ተመሳሳይ ዕጢ ያላቸው፣ ተመሳሳይ ድህነት ያለባቸው ሁለት ሴቶች የተለያየ ክሊኒክ ስለገቡ ብቻ ዕጣቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስደተኝነት በር ነው፤ ይህም እኛን በቅርብ ይመለከተናል።

እህቶቻችን በሁለት ሕጎች መካከል

የዲቪ ሎተሪን የፈጠረው የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በዚያው በ1990 ነው። በዚህ ዕድል ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ ገብተዋል። ነገር ግን በኦገስት 1996 የወጣው የማኅበራዊ ድጎማ ማሻሻያ ሕግ አብዛኞቹ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ፈቃዱን ካገኙ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሜዲኬይድ እንዳያገኙ ከለከለ። በ2000ው ሕግ የተፈቀደው የካንሰር ሕክምና ሜዲኬይድ በመሆኑ የአምስት ዓመቱ ክልከላ በእርሱም ላይ ተፈጻሚ ነው።

የ45 ዓመት ዕድሜ ያላት፣ በዲቪ ከገባች ሁለት ዓመት የሆናት፣ በሰዓት እየተከፈላት በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ሴት እናስብ። ምርመራው በብዙ ግዛቶች የመኖሪያ ሰነድ ሳይጠየቅበት ሲሰጥ ስለኖረ ማሞግራፊውን በነፃ ልታገኝ ትችላለች። ዕጢው ቢገኝባት ግን ሜዲኬይድ ሦስት ዓመት እንድትጠብቅ ይነግራታል። ከ2014 ወዲህ በመንግሥት በተደራጀው የመድን ገበያ በኩል መድን መግዛት ይቻላል፤ ይሁንና ምዝገባው በዓመት የተወሰነ ወቅት ያለው በመሆኑ ልዩ ምክንያት ከሌላት በስተቀር ወቅቱን መጠበቅ ይኖርባታል። ካንሰር ግን የምዝገባ ወቅት አይጠብቅም።

የመኖሪያ ሰነድ የሌላት ሴት ሁኔታ ከዚህም ይከፋል። የፌዴራሉ ሜዲኬይድ ለእርሷ የሚከፍለው ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው። የጡት ካንሰር በሚድንበት ጊዜ ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚድንበት ጊዜ አልፏል። አንዳንድ ግዛቶች ከራሳቸው ካዝና ክፍተቱን ለመሙላት ቢሞክሩም፣ የአንዲት ሴት ሕይወት በምትኖርበት ግዛት ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ስደተኛነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የተረጋገጠላቸው ሴቶች ከአምስት ዓመቱ ክልከላ ነፃ ሆነው ቆይተዋል፤ ነገር ግን በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላገኙትን የእነዚህን ሰዎች የሜዲኬይድ መብት ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲቋረጥ ደንግጓል። በዚህ ላይ «የመንግሥት እርዳታ ብቀበል የመኖሪያ ፈቃዴ ይበላሻል» የሚለው ስጋት ሲታከል፣ ሴትዮዋ ወደ ምርመራው ባትመጣ በሽታዋን ደበቀች ብሎ መፍረድ የሚቻል አይመስለኝም። አስልታ መቅረቷ ነው።

የእነዚህ እህቶቻችን ቁጥር በስታቲስቲክሱም ውስጥ አይታይም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ከነጮቹ በመጠኑ ያነሰ ሆኖ ሳለ የመሞት መጠናቸው ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ይበልጣል። በ«ጥቁር» ሥር ግን በዚያ የተወለደችውም፣ ከጎንደር ወይም ከሐረር የሄደችውም በአንድነት ትቆጠራለች። ያልተቆጠረች ሴት ደግሞ በጀት ሲመደብ የሚያስታውሳት የለም።

ማሞግራፊ ምን ያህል ይጠቅማል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ መሠረታዊው ጥያቄ ይነሣል፤ የምርመራው ጥቅምስ ምን ያህል ነው? በ2012 በእንግሊዝ በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው ገለልተኛ ጉባኤ የማሞግራፊ ልየታ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በ20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ደምድሟል። በዚያው ድምዳሜ አንዲት ሴት ከሞት በዳነች ቁጥር ሦስት ያህል ሴቶች በሕይወት ዘመናቸው ጉዳት ሊያደርስባቸው ለማይችል ዕጢ ይታከማሉ። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም በ2009 መደበኛ ምርመራ ከ50 ዓመት እንዲጀመር መክሮ፣ በ2024 ደግሞ ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ እንዲሆን አሻሽሏል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚገኘው ምርመራውን ሙሉ ሕክምና ሲከተለው ብቻ ነው። በጥናቶቹ ውስጥ ሕይወታቸው የተረፈው ሴቶች ፎቶ ስለተነሡ አይደለም፤ ስለታከሙ ነው።

ሌሎቹን ዘዴዎች በተመለከተም ማስረጃው ሊታወቅ ይገባል። በሻንጋይ ከ266,000 በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የተሳተፉበትና በ2002 የታተመው ጥናት፣ ሴቶች ጡታቸውን በራሳቸው እንዲመረምሩ በጥብቅ ማሠልጠን ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ካንሰር ላልሆኑ እብጠቶች የሚደረግ ባዮፕሲን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። በአንጻሩ በሙምባይ ከ150,000 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገውና በ2021 የታተመው የ20 ዓመት ጥናት፣ የሠለጠኑ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ሲመረምሩ በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ እንደሚገኝ አረጋግጧል። የሞት መጠኑ በጠቅላላው ሲታይ የነበረው ቅናሽ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ባይሆንም፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ዘንድ ግን ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ የጤና ሥርዓታቸው ያልጠነከረ አገሮች ከሰፊ የማሞግራፊ ልየታ ይልቅ ምልክት የታየባቸውን ሴቶች ፈጥኖ ለይቶ ማከምን እንዲያስቀድሙ መክሯል።

በአገራችን ያለው «ነፃ ምርመራ»

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ የምናየው ሥዕል የ1990ውን ሕግ ያስታውሰናል። በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እንደሚያሳየው በከተማይቱ ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች የጡት ካንሰር ቀዳሚ ሲሆን ሲሶ ያህሉን ይይዛል። አብዛኞቹ ሕመምተኞች ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚመጡት በሽታው በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ተራ መጠበቅ ራሱ አንዱ የሞት ምክንያት ሆኖ ኖሯል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ በግንዛቤ ወር ድንኳን ይተከላል፤ ሮዝ ሪባን ይታደላል፤ «ነፃ ምርመራ» ተብሎ በርካታ ሴቶች ይታያሉ። በዘመቻው ማብቂያ የሚቀርበው ሪፖርት ስንት ሴቶች እንደተመረመሩ ይናገራል። ከእነርሱ መካከል በስንቶቹ ላይ የሚያጠራጥር እብጠት እንደተገኘ፣ ስንቶቹ የባዮፕሲ ውጤት እንደተቀበሉ፣ ስንቶቹ ሕክምና እንደጀመሩ የሚናገር ሪፖርት ግን እምብዛም አይታይም። እብጠት የተገኘባት ሴት የምትቀበለው የሪፈር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ራሱ ነፃ ነው፤ ወረቀቱ የሚያዝዘው ሁሉ ግን ዋጋ አለው።

በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና በኋላም የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የዚህን ሸክም ከፊል ሊያቀልል እንደሚችል አይካድም። ነገር ግን መድኑ በቤተሰብ ደረጃ በየዓመቱ የሚታደስ፣ የራሱ የምዝገባ ወቅት ያለው ነው። በዘመቻው ቀን ዕጢ የተገኘባት፣ መዋጮዋን ያልከፈለች ሴት እንደዚያችኛዋ የባሕር ማዶ እህቷ ወቅት ትጠብቃለች። መድን ያላትም ብትሆን የታዘዘላት መድኃኒት በመንግሥት ተቋም ካልተገኘ ከኪሷ ትገዛለች፤ የመጓጓዣውና የማደሪያው፣ አብሯት የሚመጣው አስታማሚ የሚያጣው የቀን ገቢም በማንም አይሸፈንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዘመቻ ይቅር ማለት የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። የዘመቻው መለኪያ ግን ይለወጥ። ለዚህም አራት ነጥቦችን ለሙያ ባልደረቦቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም «ነፃ ምርመራ» ከመታወጁ በፊት የናሙና ምርመራው የት እንደሚደረግ፣ ቀዶ ሕክምናው በማን እንደሚሠራና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይወሰን። ይህ ሊወሰን ካልቻለ የሚመረመሩት ሴቶች ቁጥር ሊታከሙ በሚችሉት ልክ ይሁን። ሺህ መርምሮ ማንንም ካለማከም፣ መቶ መርምሮ የታመሙትን ሁሉ ማከም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ ከተመረመሩት ቁጥር በተጨማሪ የሚያጠራጥር ነገር የተገኘባቸውን፣ ካንሰሩ የተረጋገጠባቸውንና ሕክምና የጀመሩትን ቁጥር ከነቀኑ ይያዝ። የአሜሪካው መርሐ ግብር ከምርመራ እስከ ማረጋገጫ፣ ከማረጋገጫም እስከ ሕክምና ያለውን ጊዜ በ60 ቀን መለኪያ ይከታተላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው የጡት ካንሰር ማዕቀፍ ምርመራው ሴትዮዋ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ሕክምና ከጀመሩትም 80 በመቶው እንዲጨርሱ ግብ አስቀምጧል። ከአሜሪካው መርሐ ግብር መውረስ ያለብን ማሞግራፊውን ሳይሆን ይህን የቀን ቆጠራ ነው።

ሦስተኛ፣ ትኩረታችን ምልክት ያለባት ሴት ትሁን። በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ወይም ጤና መኮንን በጡት ላይ እብጠት አለብኝ የምትል ሴትን በእጇ መርምራ ያለ ቀጠሮ የምታስተላልፍበት የተወሰነ ቀንና የተወሰነ ሆስፒታል ቢኖር፣ ያለ አዲስ መሣሪያ ብዙ ወራት ማትረፍ ይቻላል። በአገራችን ከተመረመሩት የጡት ካንሰር ዕጢዎች መካከል አብዛኞቹ ለኢስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው መሆናቸው ደግሞ በአፍ የሚዋጠው ታሞክሲፈን ለብዙዎች ሊጠቅም እንደሚችል ያመለክታል። የተቀባይ ምርመራውና ክኒኑ ሳይቋረጡ እንዲገኙ ማድረግ ከድንኳን ወጪ ጋር ሲነጻጸር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አራተኛ፣ ካንሰር የተረጋገጠባት ሴት የምዝገባ ወቅት ሳትጠብቅ ወደ ጤና መድኑ የምትገባበት፣ አቅም ከሌላትም በነፃ ሕክምና ደብዳቤ የምትስተናገድበት አጭር መንገድ ይዘጋጅ። አሜሪካውያን ለዚሁ ብለው ጊዜያዊ ሽፋን ፈጥረዋል፤ እኛም በየወረዳው አሠራር ልንፈጥረው የሚያግደን ነገር አይታየኝም። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ባልደረቦቻችን ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ምርመራ ሲያዘጋጁ የዚያችን ግዛት የሜዲኬይድ ደንብ አስቀድመው ያጥኑ፤ የመኖሪያ ሁኔታዋ ሕክምናን የሚከለክላትን ሴት የሚቀበል ተቋም አስቀድመው ይፈልጉ።

ማጠቃለያ

የአሜሪካው ሕግ ምርመራን ከሕክምና ለይቶ ለአሥር ዓመት ተጉዟል፤ ከታረመ በኋላም በስደተኛዋ ሴት ላይ ያው መለያየት ቀጥሏል። የዚያች አገር ሀብት ክፍተቱን በበጎ አድራጎት ለመሸፈን ይሞክር ነበር። የእኛ አቅም ግን ያን ያህል ስሕተት የሚሸከም አይደለም። ለአንዲት መድን ለሌላት ሴት ካንሰር እንዳለባት ነግሮ መንገዱን ሳያሳዩ መሸኘት፣ ከበሽታዋ ላይ የዕውቀትን ሸክም መጨመር ነው። ሴቶች በሽታቸውን እንዳይደብቁ ስንመክር፣ እኛም የሕክምናውን መንገድና ዋጋውን ከእነርሱ ልንደብቅ አይገባንም። በሚቀጥለው የግንዛቤ ወር የዘመቻ ዕቅድ ሲቀርብልን፣ ከመፈረማችን በፊት «ካንሰር የተገኘባት የመጀመሪያዋ ሴት በማግሥቱ ወዴት ትሄዳለች? ማንስ ይከፍልላታል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ በዕቅዱ ላይ ካልሰፈረ ዕቅዱ አላለቀም።